ዋጋ ያለው አስማት

“አስማት” የግዕዝ ቃል ነው። የ“ስም” ብዙ ቁጥር ነው፤ “ስሞች” እንደማለት። ዛሬ ቃሉን ስንሰማ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ድግምት፣ መተት፣ ጭስና ጥቁር ዶሮ ነው እንጂ ስም አይደለም። የቃሉ ጉዞ ሲታሰብ ግን ብዙም አያስገርምም። የተሰወሩ የፈጣሪና የመላእክት ስሞች ኃይል አላቸው ብለው ያመኑ ሰዎች ስሞቹን እየደረደሩ ይጽፉ፣ ይደግሙ ነበር፤ ቆይቶ ሥራው ራሱ “አስማት” ተባለ። የአገራችን የብራና ክታብም ከዚሁ እምነት የወጣ ነው። በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚቆረጥ ጥቅልል ብራና አለ፤ በጽሑፉ መካከል የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባበታል። ያ ስም ከሌለበት ክታቡ የማንም አይደለም። ደብተራው የቱንም ያህል ቀለሙን ቢያሳምር፣ ዐይኑ ያፈጠጠ መልአክ ቢሥልበት፣ ባለቤት የሌለው ቆዳ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ስለ ደብተራ ልጽፍ አይደለም የተነሣሁት። የምጽፈው እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ ስለታተመ አንድ የአስማት መጽሐፍ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። መጽሐፉ “ማጂክ ኦቭ ፌሩን” ይባላል፤ “የፌሩን አስማት” ማለት ነው። ፌሩን የሚባል አገር በምድር ላይ ፈልጋችሁ አታገኙትም፤ በጨዋታ ውስጥ ብቻ ያለ አህጉር ነው። እንግዲህ በሌለ አገር ስላለ፣ በሌለ ኃይል ስለሚሠራ ጥበብ 192 ገጽ የጻፈ መጽሐፍ በምን ሚዛን ይመዘናል? ጥያቄው ወደ እኔ የመጣው ከሥነ ጽሑፍ ውይይት አዳራሽ አይደለም፤ ከእህቴ ማድ ቤት ነው።

አስቀድሜ ግን ጨዋታውን ላስተዋውቅ። “ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ” ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 ያወጡት ነው። እንደ ዳማ አሸናፊና ተሸናፊ የለውም። አራት አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ ወታደር፣ ቄስ፣ ሌባ፣ አስማተኛ። ተራኪው “ከድልድዩ ማዶ ብርሃን ይታያል” ይላል፤ ተጫዋቹ “ቀስ ብዬ እጠጋለሁ” ይላል፤ ይሳካለት አይሳካለት የሚወስነው ባለ 20 ገጽ ዳይስ ነው። በአጭሩ ተረት ነው። ልዩነቱ ተረቱን ሁሉም ማውራታቸው ላይ ነው፤ “ተረት ተረት” ሲባል “የላም በረት” ብሎ አገጩን ደግፎ የሚቀመጥ ሰሚ የለም።

በዚህ ጨዋታ አስማተኛ መሆን ከባድ የሂሳብ ሥራ ነው። ድግምቶች ከ0 እስከ 9 በደረጃ ተከፍለዋል። አስማተኛው በቂ ዕረፍት አድርጎ ከመጽሐፉ ያጠናል፤ ያጠናውን አንዴ ከተናገረው ከጭንቅላቱ ይጠፋል፤ እንደገና እስኪያጠና ድረስ የለም። ሐሳቡ የተወሰደው ጃክ ቫንስ ከተባለው ደራሲ ነው፤ የቫንስ “ዘ ዳይንግ ኧርዝ” በ1950 የታተመ መጽሐፍ ነው። በ2000 በወጣው በሦስተኛው እትም ደንብ መሠረት አዲስ ድግምት ወደ መጽሐፉ የሚገለብጥ አስማተኛ ለእያንዳንዱ ገጽ የ100 ወርቅ ወጪ አለበት። የእሳት ኳስ ለመወርወር ደግሞ የሌሊት ወፍ ኩስና ዲን መያዝ አለበት። ይህን ሳነብ ስቄያለሁ፤ የእኛዎቹም አዋቂዎች የሚያዙት ዝርዝር ከዚህ ብዙ አይርቅም።

መጻሕፍቱ ወደ ቤታችን የገቡት በሻንጣ ነው። የእህቴ ባል የወንድም ልጅ ያደገው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለጥምቀት ሲመጣ በወጣትነቱ የተጫወተባቸውን አሮጌ መጻሕፍት ጠቅልሎ ለአሥራ አምስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ አመጣለት። ሦስቱ የደንብ መጻሕፍት ናቸው፤ አራተኛው ይኸው የአስማት መጽሐፍ። ልጁ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጓደኞች አሰባሰበ፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት የጎረቤት ልጅ። ቅዳሜ ቅዳሜ የመኝታ ቤቱን በር ዘግተው ይንሾካሾኩ ጀመር። እህቴ አልጋ ስታነጥፍ መጽሐፉን አገኘችው።

“ና እስቲ” ብላ ደወለችልኝ። ስደርስ መጽሐፉ ማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በባዶ እጇ ላለመንካት ነው መሰለኝ።

“አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ እንግሊዝኛውም ይገባሃል” አለችኝ። “አንብበውና ፍረድ። ክፉ ከሆነ ዛሬውኑ ይቃጠላል።”

“እትዬ፣ ጨዋታ ነው እኮ።”

“ጥንቆላም ሲጀመር ጨዋታ ነው ይባላል። የአክስታችንን ቤት ረሳኸው?”

አልረሳሁትም። አክስታችን የታመመ ልጅ ነበራት። ሐኪም ቤት ተመላልሳ ሲሰለቻት አንድ “አዋቂ” አለ ብለው ነገሯት። ሰውየው መጀመሪያ ዶሮ ጠየቀ፤ ቀጥሎ በግ፤ ቀጥሎ የአንገት ወርቋን፤ በመጨረሻ የግቢዋ ግማሽ ተሸጦ ገንዘቡ ወደ እሱ ሄደ። ልጁ ሞተ። ሰውየው ሲጠየቅ “በሙሉ ልባችሁ አላመናችሁም” አለ። እህቴ ያን ጊዜ ዛሬ ልጇ ባለበት ዕድሜ ላይ ነበረች፤ ወርቁን በመሀረብ ቋጥራ ለሰውየው ያደረሰችው እሷ ናት፤ ተልካ። ስለዚህ እህቴ “አስማት” ስትል ከመዝገበ ቃላት ያገኘችውን ቃል አይደለም የምትናገረው።

ዳኝነቱን ተቀበልኩ። መጽሐፉን በፌስታሉ ይዤ ወጣሁ።

የእህቴ ፍርሃት የእሷ ብቻ አይደለም። ጨዋታው በተወለደበት አገር በ1980ዎቹ ውስጥ ተመሳሳይ ጩኸት ተነሥቶ ነበር። ልጇ ራሱን ያጠፋባት ፓትሪሺያ ፑሊንግ የተባለች እናት ጥፋቱን በጨዋታው ላይ አድርጋ በ1983 ተቃዋሚ ማኅበር አቋቋመች፤ ቴሌቪዥኑም ወሬውን ተቀባበለው። ያን ጊዜ የጨዋታው አሳታሚ የነበረው ቲኤስአር በ1989 ሁለተኛውን እትም ሲያወጣ “ጋኔን” እና “ዲያብሎስ” የሚሉትን ስሞች ከመጻሕፍቱ አወጣቸው። ፍጥረታቱ ግን ቆይተው በሌላ ስም ተመለሱ፤ ሦስተኛው እትም ሲመጣ ደግሞ ስሞቹም ተመለሱ። የዚያች እናት ሐዘን እውነተኛ ነበር፤ ከአሳታሚው የመጣው መልስ ግን የቃላት ለውጥ ብቻ ሆነ። ለእህቴም “አስማት አትበይው፣ ምናባዊ ጥበብ በይው” ብዬ ብመለስ በፌስታሉ ነበር የምትመታኝ።

ታዲያ በምን እንመዝነው? ተጫዋቾች እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲወጣ ሁለት ነገር ይጠይቃሉ። አንደኛው “ስንት አዲስ ነገር ይዟል?” ነው። ሁለተኛው “ጨዋታውን ያፋልሳል ወይ?” ነው፤ አንድ ድግምት ከመጠን በላይ ከበረታ አስማተኛው ብቻውን ሁሉን እየጨረሰ፣ ወታደሩና ሌባው ሻይ ጠጪ ይሆናሉና። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። እኔ ግን ከአክስቴ ቤት ይዤው የመጣሁትን ሦስተኛ ጥያቄ ጨመርኩበት፤ ዋጋውን የሚከፍለው ማነው? አክስቴ ቤት የገባው አስማት ክፋቱ እዚህ ላይ ነበር። ኃይል አለኝ ያለው አንዱ፣ ከፋዩ ሌላ። ጥሩ የአስማት መጽሐፍ ኃይልንና ክፍያን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ያስቀምጣል። ይህ የእናት ጥያቄ ነው፤ እያነበብኩ ስሄድ ግን የሐያሲም ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት።

የፌሩንን ዓለም የፈጠረው ኤድ ግሪንውድ የተባለ ካናዳዊ ነው፤ በሙያው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ። ዓለሙን ማሰብ የጀመረው በልጅነቱ፣ በ1960ዎቹ ውስጥ ነው፤ ጨዋታው ራሱ ከመፈጠሩ በፊት ማለት ነው። በ1987 “ፎርጎትን ሪልምስ” ተብሎ ለገበያ ቀረበ፤ “የተረሱት ግዛቶች” እንደማለት። ከዚያ በፊት ግሪንውድ “ድራገን” በተባለው መጽሔት ላይ በ1982 የጀመረው አንድ ተከታታይ ጽሑፍ ነበር፤ “ፔጅስ ፍሮም ዘ ሜጅስ” ይባላል፤ በ1995 በመጽሐፍ መልክ ወጥቷል። የሚተርከው በፌሩን ስላሉ የድግምት መጻሕፍት ነው። አቀራረቡን ልብ በሉ። መጀመሪያ መጽሐፉ ምን እንደሚመስል ይነግረናል። ቀጥሎ ማን እንደጻፈው፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደዞረ ያወራል። ድግምቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የቤተ መጻሕፍት ሰው ሥራ መሆኑ ያስታውቃል! እኔን ግን ያስታወሰኝ ክታቡን ነው፤ ስም ያለበትን ብራና።

ይህ ልማድ ከጨዋታው መጀመሪያ አንሥቶ የነበረ ነው። በደንብ መጻሕፍቱ ውስጥ “ቴንሰር” የሚል ስም የተሸከመ ድግምት አለ። ቴንሰር የጋይጋክስ ልጅ ኧርነስት የተጫወተው አስማተኛ ነው፤ ስሙም “ኧርነስት” የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ተገለባብጦ የተሠራ ነው። “ሜልፍ” ደግሞ የሌላው ልጁ የሉክ ገጸ ባሕርይ ነበር። የአባትና የልጆች የቤት ጨዋታ ስሞች ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሚሸጡ መጻሕፍት ውስጥ ድግምት ሆነው ተቀምጠዋል። እዚህም አስማት ከስም አልራቀም።

አሁን ወደ “ማጂክ ኦቭ ፌሩን” እንመለስ። የጻፉት ሾን ኬ ሬይኖልድስ፣ ዱዌን ማክስዌልና ኤንጅል ሊ ማኮይ ናቸው፤ ያሳተመው ቲኤስአርን በ1997 የገዛው “ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት” ነው።

የመጽሐፉ ጥንካሬ የቆመበት መሠረት ነው። በፌሩን ሰው አስማትን በቀጥታ አይነካም። በአስማትና በሰው መካከል “ዊቭ” የሚሉት ነገር ተዘርግቷል፤ ሽመና ነው፤ እኛ ድርና ማግ ብንለው አንሳሳትም። ሚስትራ የተባለች የአስማት አምላክ ትጠብቀዋለች። አስማተኛ ድግምት ሲናገር ከዚህ ሸማ አንድ ክር ይስባል ማለት ነው። ክሩን ብዙ የሳበስ? ለዚህ የዚያ ዓለም ታሪክ መልስ አለው። ኔዘሪል የተባለ መንግሥት ነበር፤ ከተሞቹ በአየር ላይ የሚንሳፈፉ፣ አስማተኞቹ ለምንም ነገር የማይጨነቁ። ካርሰስ የሚሉት አስማተኛቸው የአምላክን ሥልጣን ራሱ ልንጠቅ ብሎ ማንም ያልሞከረውን ድግምት ተናገረ። ለቅጽበት ተሳካለት፤ ሸማውን መጠበቅ ግን አልቻለም። አስማት ተቋረጠ፤ የሚንሳፈፉት ከተሞች ከነሰዎቻቸው ወደ መሬት ወረዱ። ከዚያ በኋላ ለሰው የተፈቀደው የአስማት መጠን ተወሰነ። በዚያ ዓለም አቆጣጠር በ1358 ደግሞ አማልክቱ ከመኖሪያቸው ተባርረው በምድር ላይ ሲንከራተቱ ሚስትራ ሞተች፤ በቦታዋ አንዲት ሟች ሴት ገባች፤ ሸማውም እዚህም እዚያም ተቀደደ። አስማት ጭራሽ የማይሠራባቸው ቦታዎች አሉ፤ ሌሎች ደግሞ አሉ፣ የእሳት ኳስ ልወርውር ያለ ሰው ምን እንደሚወጣ የማያውቅባቸው።

ይህ ሁሉ ለተጫዋች ልጅ ምን ይነግረዋል? የምትጠቀምበት ነገር የጋራ ነው፤ ብትቀደው የሚበርደው ሌላው ሰው ነው ይለዋል። ስለ ባቢሎን ግንብ የሰማች እህቴ ይህን ብነግራት እንግዳ አይሆንባትም።

በልዩ ሙያዎች ምዕራፍም ደግ ነገር አለ። የኮርሚር መንግሥት የጦር አስማተኞች ኃይላቸውን የሚያገኙት ለዙፋን ከማገልገል ጋር ነው። የወተርዲፕ ከተማ አስማተኞች ማኅበር አላቸው። እንዲህ ያለው አስማተኛ አለቃ አለው፣ ባልደረባ አለው፣ የሚጠየቅበት ቦታ አለው። ለተራኪው ልጅ ይህ ሲሳይ ነው፤ ከአንዱ አንቀጽ የሦስት ቅዳሜ ታሪክ ያወጣበታል።

ድካሙ የሚጀምረው የድግምቶቹ ምዕራፍ ላይ ነው። የመጽሐፉን ትልቅ ድርሻ የያዘው ይህ ክፍል በፊደል ተራ የተደረደረ ዝርዝር ነው፤ ደረጃው፣ ርቀቱ፣ የሚቆይበት ጊዜ፣ የሚያደርሰው ጉዳት። የስልክ ማውጫ ይመስላል። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ሲምቡል የአግላሮንድ ንግሥት ናት፤ ከጎረቤቷ ከታይ ቀይ ካባ አስማተኞች ጋር ስትዋጋ የኖረች፣ በቁጣዋ የምትፈራ። በስሟ ከተጠሩት ድግምቶች አንዱ ሌላ ያጠኑትን ድግምት ሠውቶ ወደ ፈውስ የሚለውጥ ነው። እስቲ አስቡት! ያች የጦር ሴት ቁስል የሚያድን ድግምት ማውጣት ያስፈለጋት ማን ፊቷ ሲደማ ነው? ግሪንውድ በመጽሔቱ ዘመን ቢሆን ይህን ሳያወራ አያልፍም ነበር። እዚህ ግን ስሙ አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ ሰውየዋ የለችም።

ከዚህ የባሰው “ኢንካንታትሪክስ” የተባለው ልዩ ሙያ ነው። በሦስተኛው እትም ደንብ አንድ አስማተኛ ድግምቱን ማጠንከር ወይም ማስረዘም ቢፈልግ ከተለመደው ከፍ ያለ የድግምት ቦታ መስጠት አለበት፤ ማለትም ይከፍላል። የዚህ ሙያ ባለቤት ግን ከፍ እያለ ሲሄድ ያ ክፍያ ይቀነስለታል። ተጫዋቾች ይህን ሙያ ከመጠን ያለፈ ነው ሲሉ ኖረዋል፤ ምክንያታቸው የቁጥር ሚዛን ነው። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፤ የእኔ ምክንያት ግን ሌላ ነው። ኃይል እየጨመረ ዋጋ የሚቀንስበት መንገድ የካርሰስ መንገድ ነው። የካርሰስን ውድቀት መሠረቱ ያደረገ ዓለም፣ በዚያው ዓለም መጽሐፍ ውስጥ የካርሰስን ቅናሽ ይሸጣል። የእህቴ ልጅ መጽሐፍ በየትኛው ገጽ ላይ በራሱ እንደሚከፈት መገመት አያቅታችሁም።

አንድ ሌላ መፈተኛ አለ፤ እኔ የፋኖስ ሻጩ መፈተኛ እለዋለሁ። በደንብ መጽሐፉ ውስጥ ሙቀት የሌለው፣ የማይጠፋ ነበልባል የሚያበራ ድግምት አለ፤ የ50 ወርቅ የቀይ ዕንቁ ዱቄት ይበላል እንጂ አንዴ ከበራ በራ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር ባለበት ከተማ ፋኖስ ሻጩ ምን ይበላል? የአስማት መጽሐፍ ስለ ጦርነት ብቻ አውርቶ ስለዚህ ሰውየ ዝም ካለ፣ አስማቱ በዓለሙ ላይ ተለጥፏል እንጂ አልተሸመነም። “ማጂክ ኦቭ ፌሩን” እዚህ ላይ ብዙ አይናገርም። ጥያቄውን ከሥሩ ያነሣው ሌላ ዓለም ነው። “ዊዛርድስ” በ2002 አዲስ ዓለም ያለው ይምጣ ብሎ ውድድር ሲከፍት ከ11,000 በላይ ሐሳቦች ቀረቡ፤ ያሸነፈው የኪት ቤከር “ኤበሮን” ነው፤ በ2004 ታተመ። በኤበሮን ያ ነበልባል የመንገድ መብራት ሆኗል፤ በመብረቅ ኃይል የሚሄድ ባቡር አለ፤ አስማት የእጅ ሙያ፣ የቤተሰብ ንግድ ነው። በ2005 የወጣው “ማጂክ ኦቭ ኤበሮን” ከዚህ መሠረት ስለሚነሣ በፋኖስ ሻጩ ፊት አያፍርም። በምትኩ የጎደለው ነገር አለ፤ ሁሉም ነገር ፋብሪካ ሲገባ ምሥጢሩ ይሳሳል። ፌሩን ምሥጢሩን ጠብቆ ፋኖስ ሻጩን ረሳ፤ ኤበሮን ፋኖስ ሻጩን አስታውሶ ምሥጢሩን አሳሳ። ከሁለቱ የቱ ይሻላል ብትሉኝ፣ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ካርሰስን ያወቀበትን እመርጣለሁ።

መጽሐፍ አንብቦ ብቻ መፍረድ ግን የጨዋታ መጽሐፍ ላይ አይሠራም፤ ሙዚቃን ከኖታው ብቻ እንደመመዘን ነው። አንድ ቅዳሜ ልጆቹን ለምኜ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።

የእህቴ ልጅ አስማተኛ ነው። የጎረቤት ልጅ ወታደር ናት። አንደኛው ልጅ ሌባ፣ ሌላኛው ተራኪ። አሮጌ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ገብተዋል። ድልድይ ላይ ስድስት ጭራቆች ከበቧቸው፤ ወታደሯ ወደቀች። በዚህ ደንብ የወደቀ ሰው ጉልበቱ ከዜሮ በታች እየቆጠረ ይወርዳል፤ 10 ከደረሰ ሞት ነው። እሷ 7 ላይ ደርሳለች። ሌባው ከድልድዩ ማዶ ነው፤ አይደርስም። አስማተኛው የቀረው አንድ ድግምት ነው፤ የእሳት ኳስ። ቢወረውረው ስድስቱም ያልቃሉ፤ እሷም መካከላቸው ናት። ሌላው አማራጭ ቦርሳው ውስጥ ያለውን ፈዋሽ መድኃኒት ይዞ ጭራቆቹ መካከል መግባት ነው።

“ወርውረው” አለው ሌባው። “ለእሷ አዲስ ገጸ ባሕርይ እንሠራላታለን።”

ልጅቷ ምንም አላለችም፤ ወረቀቷን እያየች ነው። የእህቴ ልጅ ለረጅም ጊዜ ዳይሱን በመዳፉ አሽቶ “እገባለሁ” አለ። ገባ። መድኃኒቱን አፏ ውስጥ አፈሰሰ፤ ተነሣች። ተራኪው ለጭራቆቹ ዳይስ መወርወር ጀመረ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

“ሞተ!” ብሎ ጮኸ ሌባው።

በሩ በርግዶ ተከፈተ። እህቴ ናት፤ ዳቦ ስትቆርስበት የነበረውን ቢላ እንደያዘች።

“ማነው የሞተው?”

“እኔ ነኝ፣ እማዬ” አለ ልጁ።

ማናችንም አልሳቅንም። ልጁ እውነትም ፊቱ ገርጥቷል። ሦስቱ በአንድነት ተራኪውን ለመኑት፤ ማስነሣት አይቻልም ወይ አሉት። ይቻላል፣ ግን ትልቅ ቄስና የ500 ወርቅ አልማዝ ያስፈልጋል አለ። የሁላቸው ገንዘብ ሲደመር 60 አልሞላም። “ደንቡ ደንብ ነው” አለ ተራኪው፤ እሱም ድምፁ ልክ አልነበረም። በመጨረሻ ልጅቷ “የድግምት መጽሐፉን እኔ እወስደዋለሁ” አለች። ወታደር ድግምት ማንበብ አትችልም፤ ምንም አይጠቅማትም። ሆኖም ከንብረት ዝርዝሯ ግርጌ የሟቹን አስማተኛ ስም ጻፈች፤ ከሥሩም “ድልድዩ ላይ ስለ እኔ ሞተ” ብላ ጨመረችበት።

ማታ እህቴ ቡና አፍልታ ጠየቀችኝ።

“ኃይሉ ነበረው አይደል?”

“ነበረው።”

“ታዲያ ለምን አልተጠቀመበትም?”

“ልጅቷም አብራ ትቃጠል ነበራ፣ እትዬ።”

ሲኒውን ይዛ ጥቂት ዝም አለች። “ያ የአክስታችን ሰውየ ቢሆን ያቃጥላት ነበር” አለች። ከዚያ ፍርዷን ሰጠች፤ ዳኛው እኔ መሆኔ ተረስቷል። ጨዋታው ሳሎን ይሁን፤ በሩ ይከፈት፤ መጽሐፉ መኝታ ቤት አይገባ። ዋጋ ስለሚቀንሰው ገጽ ነገርኳትና “እሱን ልቅደደው እንዴ?” አልኳት። “ለምን ትቀዳለህ? ይከራከሩበት እንጂ” አለችኝ።

የእኔ ፍርድ እነሆ። “ማጂክ ኦቭ ፌሩን” ግማሹ ጥሩ መጽሐፍ ነው። ለሚገዛው ወይም በሻንጣ ለሚመጣለት ሰው የምመክረው ከመጀመሪያው ምዕራፍ እንዲጀምር፣ ቀጥሎ ሸማው የተቀደደባቸውን ቦታዎችና አለቃ ያላቸውን አስማተኞች እንዲያነብ፣ የድግምቱን ማውጫ መጨረሻ ላይ እንዲያቆየው ነው። ተራኪ የሆነ ልጅ ካለ ለእያንዳንዱ ድግምት አንድ መስመር ከራሱ ይጨምርበት፤ ይህን መጀመሪያ የተናገረው ማነው፣ ምን አስከፈለው? ያች ወታደር በወረቀቷ ግርጌ የጻፈችው ዐይነት መስመር ማለቴ ነው። ደራሲዎቹ ለመቶዎቹ ድግምቶች ያልጻፉትን፣ እሷ ለአንድ ሟች ጻፈችለት።

የሲልቨር ስፕሪንጉ ልጅ በቅርቡ ደውሎ ለሚቀጥለው ጥምቀት ምን ላምጣ ብሎ ጠይቆኛል። “ፔጅስ ፍሮም ዘ ሜጅስን” ካገኘህ አልኩት፤ አልማዝም ካለህ ልጆቹ ከ440 በላይ ወርቅ ጎድሏቸዋል።